ዘይት የሚያፈስ የሳይክል ዲስክ ፍሬን፦ የአባላት ጥያቄና መልስ ከጅማ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ስለሚያፈስ የሃይድሮሊክ (በገመድ ፈንታ በዘይት ግፊት የሚሠራ) ፍሬን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ጥያቄዎቹን በአንድነት እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ሳታውቁ ዘይት አትጨምሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፊት ፍሬኔ እጀታ በየሦስት ቀኑ ይላላል። ዘይት ስሞላው ይስተካከልና ተመልሶ ይላላል፤ የሚያፈስበትን ቦታ ግን አላገኘሁትም። ሳይክሉ ሺማኖ ፍሬን ያለው ነው።

መልስ፦ በደንብ አስረድተህ ስለጠየቅህ በዝርዝር እመልስልሃለሁ። ጎማውንና ዲስኩን ጨምቀው የሚይዙትን ሁለቱን ሸራዎች አውጣና በምትካቸው የፕላስቲክ ማገጃውን አስገባ፤ ማገጃው ሳይገባ እጀታውን ከጨመቅህ ሸራዎቹን የሚገፉት ፒስተኖች ተገፍተው ይወጣሉ። ከዚያ እጀታውን፣ ቱቦውንና ካሊፐሩን (ፒስተኖቹንና ሸራዎቹን የሚይዘውን አካል) በአልኮል አጥበህ ካደረቅህ በኋላ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ሶፍት ጠቅልል፤ እጀታውን አጥብቀህ ጨምቀህ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ከመሪው ጋር እሰረውና ይደር። ጠዋት የረጠበው ሶፍት ቦታውን ያሳይሃል። ሁሉም ደርቆ ካደረና እጀታው ግን አሁንም ከላላ፣ ችግሩ በቱቦው ውስጥ የገባ አየር ሊሆን ይችላል።

የረጠበው ቱቦው ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከሆነ፣ ብሎኑን በ8 ቁጥር ቁልፍ ሞክረው፤ የማጥበቂያው ኃይል ልክ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ስለሆነ በጉልበት አታጥብቀው። ቱቦው ከዚህ በፊት ተፈትቶ ከነበረ፣ በውስጡ ያለው የነሐስ ቀለበት አንድ ጊዜ ተጨምቆ ቅርጹን ስለያዘ ዳግመኛ አያገለግልም፤ ቀለበቱና ቱቦው ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቧንቧ አብረው ይቀየራሉ። ቴፍሎን መጠቅለል እዚህ ቦታ ላይ ምንም አይጠቅምም፤ ዘይቱን የሚያግደው የብረቱ መጨመቅ ነውና። የረጠበው በፒስተኖቹ ዙሪያ ከሆነ ግን ዘይቱን እዚያ የሚያግደው ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ተጎድቷል። በቡና ማሳ መካከል የምንነዳ ሰዎች ይህ በብዛት ያጋጥመናል፤ ቀዩ ጭቃ በፒስተኑ ጎን ላይ ደርቆ ሳለ ሳይጸዳ ወደ ውስጥ ከተገፋ ጎሚኒውን ይፍቀዋል። ሺማኖ የካሊፐሩን ጎሚኒ ለብቻው ስለማይሸጥ ካሊፐሩ በሙሉ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ የመኪና ፍሬን ዘይት ከመርካቶ ገዝቼ ብሞላበትስ?

መልስ፦ ሺማኖ፣ ቴክትሮና ማጉራ የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። ዶት 4 የሚባለው የመኪና ፍሬን ዘይት ግን ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ስለሆነ፣ ለማዕድን ዘይት የተሠራውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፒስተኑን አላንቀሳቅስ ይላል ወይም ይቀደዳል። በአንጻሩ ዶት በሚጠቀም ፍሬን ውስጥ የማዕድን ዘይት ማስገባትም ያንኑ ጉዳት ያስከትላል። ዶት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲሱ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ሲቆይ፣ ውሃ የጠጣው ግን በ155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። በጅማ እርጥበት ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትግዙ።

ሌላ አባል፦ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና ዘይት ተጠቅሜ ምንም አልሆነብኝም።

ሦስተኛ አባል፦ ያንተ ፍሬን ዶት የሚጠቀም ስለሆነ ይሆናል እንጂ እኔስ በዚሁ ምክንያት አንድ እጀታ ጥያለሁ።

ሌላ አባል፦ የፍሬኔ ዘይት መሙያ ክዳን ላይ የተጻፈው ጠፍቷል፤ ውስጡ ያለው ዘይት ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ለነገሩ ለእኛ አገር ጭቃ በገመድ የሚሠራው ዲስክ ይሻላል።

መልስ፦ የገመዱን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት፤ የምንነጋገረው ስለሚያፈስ ፍሬን ነው። ለጥያቄው ግን፣ ጥቂት ጠብታ ከፍሬኑ አውጥታችሁ በብርጭቆ ውሃ ላይ ጣሉት። የማዕድን ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል፤ ዶት ግን ከውሃው ጋር ይዋሐዳል። የሺማኖ ዘይት ቀላ ያለ መሆኑም ይረዳችኋል። ዶት ቀለም ስለሚልጥ የነካውን ቦታ ወዲያው በውሃ እጠቡ።

ጥያቄ፦ ፍሬኔ አይዝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እጀታው ላልቷል? ዲስኩ ዘይት ነክቶታል? ሸራው አልቋል? እነዚህን ሳትነግረኝ ልመልስልህ አልችልም፤ አይተህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካሊፐሩ ሲያፈስ ሸራዎቹ ዘይት ጠጡ። በእሳት ባቃጥላቸው ይድናሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሸራው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ስላለው ዘይቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ ከላይ ቢቃጠልም ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። በፍሬን ላይ ሕይወትሽ ስለሚያርፍ አዲስ ሸራ ግዢ። ዲስኩን ግን በንጹሕ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ማጽዳት ይቻላል፤ በናፍጣ ፈጽሞ አይሁን፣ ቅባት ያስቀራል። ፍሳሹ ሳይጠገን አዲስ ሸራ ከገባ ደግሞ እርሱም በሳምንት ይበላሻል፤ መጀመሪያ ቦታውን ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ዶት 4 ለሺማኖ ትንሽ ብቻ ቢጨመርስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ትንሽም አይጨመርም።

ጥያቄ፦ የምግብ ዘይትስ?

መልስ፦ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የትኛውን ፍሬን ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ መለዋወጫውንና ዘይቱን በቀላሉ የምታገኝለትን።

ጥያቄ፦ ልጠግነው ችያለሁ፤ ቀለበቱን ቀይሬ አየሩንም አወጣሁ። ዛሬ ከጅሬን ቁልቁለት ልውረድ?

መልስ፦ ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ። መጀመሪያ የቀየርከውን መጋጠሚያ እንደገና በሶፍት ጠቅልለህ እጀታውን አስረህ አሳድረው። ጠዋት ደረቅ ሆኖ ካገኘኸው፣ እጀታውን በሙሉ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ጨምቀህ ያዘው፤ ቀስ እያለ ወደ መሪው ከቀረበ አሁንም ይፈስሳል ወይም የእጀታው የውስጥ ጎሚኒ ዘይት እያሳለፈ ነው። ጸንቶ ከቆመ፣ ሸራዎቹ አዲስ ከሆኑ ሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነት እየጨመርህ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ሃያ ጊዜ ያህል ያዝ ለቀቅ አድርጋቸው። ከዚያም ሶፍቱን እንደገና ተመልከት፤ ደረቅ ከሆነ ውረድ።