ሞመንተም ጉልበት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ የዘጠነኛ ክፍል ልጄ «አባዬ፣ ሞመንተም በአማርኛ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ጉልበት ነዋ!» አልኩት። መምህሩ ተሳስተሃል አሉት። ታዲያ ምን ልበለው? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ድሬ አንቱታ አይሆንላትምና አንተ ልበልህ። መምህሩ ልክ ናቸው። ጉልበት ከሌላ የሚመጣ ነው፤ ትገፋለህ፣ ትጎትታለህ፣ ስትለቅ አበቃ። ሞመንተም ግን የሚሄደው ነገር ራሱ ይዞት የሚሄደው ነው፤ ግዝፈቱን በፍጥነቱ አባዛውና ታገኘዋለህ።

ቃሉማ አለን፦ እንድርድሪት። ከ«ተንደረደረ» የመጣ ነው፣ የ«መንደርደሪያ» ዘመድ። እኔ እወደዋለሁ፣ አቅጣጫ አለበታ! የሚንደረደር ሰው ወደ አንድ ቦታ ነው የሚንደረደረው፣ ሞመንተምም ያለ አቅጣጫ ሙሉ አይሆንም። ግን ተንደረደረ ሲባል ፍጥነት እየጨመረ ያለ ይመስላል፤ በፊዚክስ በአንድ ፍጥነት የሚሄድም እንድርድሪት አለው። የባሰው ደግሞ ግሱ ክብደት አለማወቁ ነው። ፍየሏም ተንደረደረች፣ ሲኖትራኩም ተንደረደረ፤ ለአማርኛ ያው ነው።

ለፊዚክስ ያው አይደለም። ሰው የጫነ ባጃጅ 500 ኪሎ ግራም ነው እንበል። በሰከንድ 10 ሜትር ሲበር እንድርድሪቱ 5,000 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። 25 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ይችኑ ለማግኘት በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር መንፏቀቅ ይበቃዋል። ለዚህ ነው መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ዱብ የሚለው፤ ጎማው ሳይነቃነቅ ታኮ ካላደረገ፣ አንዴ መንከባለል ከጀመረ በኋላ ያ ድንጋይ ምንም አይፈይድም። ከሐረር ስትመጣ ደንገጎ ላይም ሹፌሩ ገና ከአናቱ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ቀስ እያለ የሚወርደው ወዶ አይደለም። ትልቅ እንድርድሪት ለማጥፋት ወይ ብዙ ጉልበት ወይ ረጅም ጊዜ ያስፈልጋል። ያንተ «ጉልበት» የሚገባው እዚህ ጋ ነው፦ ጉልበት በጊዜ ሲባዛ የእንድርድሪት ለውጥ ይሰጥሃል። በረኛው ኳሷን ሲይዝ እጁን ወደ ደረቱ የሚስበውም ጊዜውን ለማርዘም ነው፣ መዳፉን እንዳታቃጥለው።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ቡድኑ ሞመንተሙን አጣ» የሚሉት ሌላ ነገር ነው። እሱን «ግለቱ በረደ» ብትለው ማንም ይገባዋል።

ልጅህ ፈተና ላይ ግን ሞመንተም ብሎ ይጻፍ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው።