ጥያቄና መልስ፦ ከጀልባ ወለል በታች ስለሚቀመጥ ፓምፕ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልሱ አንባቢ፣ ከፋይበር ግላስ ጀልባቸው ወለል በታች የውሃ ማውጫ ፓምፕ አስገብተው ወለሉን በብሎን ሊያስሩት፣ ዳሩንም በሲሊኮን ሊደፍኑት ነው። “ንጹሕና ቆንጆ እንዲሆን” ይላሉ።

አይድፈኑት፤ እለምንዎታለሁ። የፓምፑ ማጣሪያ በቅጠል፣ በላስቲክ ቁራጭና በጨርቅ ብጣሽ ይደፈናል። ውሃ ሲሞላ ፓምፑን የሚያስነሣው ተንሳፋፊ ማብሪያም በአንዲት እንጨት ተይዞ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ መካከል ሐይቅ ላይ፣ ማዕበል እየመታዎት፣ ብሎን መፍቻ ሊፈልጉ ነው? ክንድዎም ፓምፑም የሚያልፉበት፣ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚነሣ ክዳን ያውጡለት።

ቦታውን በዓይን አይገምቱ። ጀልባው ውሃ ላይ ሳለ ሰው አሳፍረው ጥቂት ውሃ ያፍስሱበት፤ ውሃው የሚጠራቀምበት የፓምፑ ቦታ ነው። የጀልባውን ሆድ በብሎን አይብሱ፤ ጣውላ አጣብቀው ፓምፑን በእርሱ ላይ ያጥብቁት። ቱቦው ውስጡ ለስላሳ ይሁን፤ ሳይጎብጥ ሽቅብ ይውጣ። መውጫው ጀልባው ሙሉ ጭኖ ሲያጋድልም ከውሃው በላይ መቅረት አለበት፤ አለዚያ ሐይቁ በዚያው ቱቦ ተመልሶ ይገባል። የተንሳፋፊው ማብሪያ ሽቦ በዋናው ማብሪያ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው ይምጣ፤ ጀልባው ሌሊት ብቻውን ሲቆምም እንዲሠራ። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ ያድርጉ፤ ልኩ ፓምፑ ላይ ተጽፏል። ሽቦ የሚያያዝበት ቦታ ውሃ ከሚደርስበት በላይ ይሁን። ሲጨርሱ በባልዲ ውሃ እየጨመሩ ይፈትኑት።

የመኪና ባትሪ ያስነሣዋል ወይ?

ሁለቱም 12 ቮልት ከሆኑ፣ አዎ።

ሻጩ “በሰዓት 500 ጋሎን ያወጣል፤ ቢበሳም አትሰጋም” ያላቸው አንባቢ እውነት ነው ወይ ይላሉ።

አይደለም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ያሰጥማል። 500 ጋሎን ወደ 1,900 ሊትር ነው፤ ያውም ውሃው ሽቅብ ሳይገፋ የተለካ ነው። ቱቦው ከፍ ባለና በተጠማዘዘ ቁጥር ይቀንሳል። ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የተከፈተ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ደግሞ በሰዓት 10,000 ሊትር ያህል ያስገባል። ፓምፑ ለዝናብ፣ ለማዕበል ርጭትና ለትንሽ ስርገት ነው። ለቀዳዳ መድፈኛ፣ ባልዲና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት ይያዙ።

ለደንገል ታንኳስ ፓምፕ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነው።

ሞተሩ ከወለሉ በታች ያለ፣ የቤንዚን ሽታ የሚሸታቸው አንባቢ ፓምፑን ራሳቸው ሊገጥሙ ይፈልጋሉ።

እርስዎን ወደ ባለሙያ የምልክዎት ለወጉ ያህል አይደለም። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ ከማብሪያ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ሰው አያሳፍሩ፤ ምንም ማብሪያ አይንኩ፤ ክዳኖቹን ከፍተው ያናፍሱ። መካኒክ ፍሳሹን አግኝቶ ይድፈን፤ ከዚያም ቤንዚን ባለበት ቦታ ብልጭታ ወደ ውጭ የማያወጣ ፓምፕና ማብሪያ ራሱ ይግጠምልዎት። የፈሰሰውን ቤንዚንና ዘይትም በጨርቅ አስመጥጠው ያውጡት እንጂ በፓምፕ ወደ ጣና አይግፉት፤ ዓሣችን የሚመጣው ከዚያው ነው።