ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ ከመርካቶና ከመገናኛ፦ ጠይቁ፣ ይመለስላችኋል

ያገለገለ ላፕቶፕም ሆነ መለዋወጫ ልትገዙ ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ፤ ከምንዛሪው ጋር ስለሚዋዥቅ የዛሬው ለሳምንት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ መርካቶ ልወርድ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?

ቅዳሜን ተወውና በሥራ ቀን ጠዋት ውረድ። ሱቁ ሲጨናነቅ ሻጩ ዕቃ ሰክቶ የሚያስሞክርበት ትዕግሥት የለውም። ሁለት ፍላሽ ያዝ፦ አንዱ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ የሚሠራ ኡቡንቱ፣ ሌላው ላይ ራም የሚፈትሸው ሜምቴስት 86። ትንሽ ካቻቢቴም አትርሳ። የምትቀይረው ዕቃ ካለ ፎቶውን ሳይሆን ራሱን ዕቃውን ውሰድ። መንገድ ላይ «ላፕቶፕ ነው? ና ላሳይህ» የሚልህን ደላላ አትከተል፤ ኮሚሽኑ የሚከፈለው ከአንተው ኪስ ነው።

ጥያቄ፦ ለዴል ላቲቲዩድ ኢ7440 ባለ 8 ጊጋ ራም ገዛሁ። ስሰካው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ግን «ራሙ ይሠራል» ብሎ ድርቅ አለ። ማነው ትክክል?

ሻጩ ላይዋሽ ይችላል። ያንተ ማሽን ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 4ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ስለሆነ የሚፈልገው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር 3 ኤል የተባለ ራም ነው። ተራው ዲዲአር 3 የሚሠራው በ1.5 ቮልት ነው። ሁለቱም እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ልክ ይገባሉ፣ ስለዚህ በዓይን አይለዩም። ተለጣፊው ላይ «ፒሲ 3 ኤል» የሚል ፈልግ፤ «ኤል»ዋ ከሌለች ሄደህ አስቀይር። «ኤል»ዋ ካለችና አሁንም እምቢ ካለ፣ ቻርጀሩን ነቅለህ፣ ባትሪውንም አላቀህ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ጥረግና መልሰህ ሞክር። ዲዲአር 4 ከሆነ ግን መሀሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታው ስለሚለይ ጭራሽ አይገባም፤ በጉልበት እንዳትጫነው።

ጥያቄ፦ ስላሽ (ያገለገለ) ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ ማስታወቂያው «ኮር አይ 7፣ ራም 16፣ ኤስኤስዲ 512» ይላል። ጥሩ ነው?

እህቴ፣ ዋናውን ነገር አልነገረሽም፤ ጀነሬሽኑን። አይ 7 4600ዩ የሚባለው ፕሮሰሰር ያለው 2 ኮር (የሥራ ክፍል) ብቻ ነው። አይ 5 8350ዩ ደግሞ 4 ኮር አለው፣ ስሙ «አይ 5» ቢሆንም በደንብ ይበልጠዋል። ከአራቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው ጀነሬሽኑን ይነግርሻል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ከዚያ በታች ያለውን በ8ኛ ዋጋ አትግዢ።

ቀጥሎ ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ማስተካከያ) ማሽኑ ሲነሳ በእነዚህ ቁልፎች ክፈቺ፦ ዴል ኤፍ 2፣ ኤችፒ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ኤፍ 1። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ትተሽው ውጪ። «ትንሿን ባትሪ አውጥተን እናጠፋዋለን» ይሉሻል፤ ለድርጅት የተሠሩት ማሽኖች ላይ ይህ አይሠራም። «አብሶሉት» ወይም «ኮምፒውትሬስ» የሚለው የርቀት መቆጣጠሪያ ቦታም «አክቲቬትድ» (በርቷል) ካለ ማሽኑ አሁንም የቀድሞ ድርጅቱ ቁጥጥር ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚበላው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ሻጩ ዊንዶውሱን ያለ ኢንተርኔት ስለሚጭነው ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰላም ነው። ከወራት በኋላ ፎርማት ስታደርጊው የማታውቂው ኩባንያ ስም ይመጣና የሥራ ኢሜይል ይጠይቅሻል። ስለዚህ ክፍያ ሳትፈጽሚ ሙሉ ሪሴት አስደርጊና ገና መነሻው ላይ ከስልክሽ ሆትስፖት ጋር አገናኚው። ጊዜ ይወስዳል፤ ሻጩ ካጉረመረመ ያጉረምርም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ጤናውን በምን አውቃለሁ?

ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ፕሮግራም። ከላይ ያለውን ሰማያዊ «ጉድ» አትመን፤ ዝርዝሩ ውስጥ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩትን 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉ መስመሮች እይ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ከዜሮ ውጭ ካለ ተወው፣ በተለይ ሲ5። የሠራበትን ሰዓትም እይ፦ 20,000 ሰዓት ማለት ሳይጠፋ ከ2 ዓመት በላይ ማለት ነው። «አዲስ ነው» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ባለ 2 ቴራ ኤስኤስዲ ካጋጠመህ ኤች2ቴስትደብልዩ በተባለው መፈተሻ እስኪሞላ ጻፍበት፤ አስመሳዩ እውነተኛ መጠኑ ላይ ሲደርስ ይጋለጣል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ ዴስክቶፕ ሊሸጥልኝ ነው። የሚያሰጋ ነገር አለ?

ሳትሰካው ጀርባውን ዙርና ፓወር ሰፕላዩን እይ። ቀይ ማዞሪያ ካለውና 115 ላይ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ሲሰካ «ጧ!» ብሎ ይቃጠላል። ወደ 230 አዙረው። ማዞሪያ ከሌለውና «100–240» ከተጻፈበት አትጨነቅ። 115 ብቻ ካለ ፓወር ሰፕላይ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

ጥያቄ፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ በጣም ረክሶ አገኘሁ…

የቪጂኤ (የድሮው የስክሪን ገመድ) ቀዳዳ ካለው ጠርጥር። ድሮ የነበሩ ካርዶችን ሶፍትዌራቸውን ቀይረው በዚህ ስም ይሸጧቸዋል። የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚን ክፈት፤ እውነተኛው 768 ኮር አለው፣ አስመሳዩ ብዙ ጊዜ 192 ነው። ትክክለኛ ከሆነም ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትነውን ፈርማርክን 15 ደቂቃ አስሮጥ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ አትውሰደው።

ጥያቄ፦ ባትሪስ?

ኮማንድ ፕሮምፕት (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ላይ የባትሪ ሪፖርት አውጣና «ዲዛይን ካፓሲቲ»ን (አዲስ ሳለ የሚይዘውን) ከ«ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» (አሁን ሲሞላ ከሚይዘው) ጋር አወዳድር። 50,000 የነበረው 30,000 ከደረሰ 60 በመቶ ቀርቶታል፤ ለአዲስ ባትሪ የሚሆን ብር አስቀንስ። የመዳሰሻው ሰሌዳ (ታችፓዱ) ወደ ላይ ካበጠ ግን ባትሪው አብጧል፣ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ዴሌ ቻርጀር ሰክቼም ባትሪው አይሞላም፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። ማዘርቦርድ ነው አሉኝ።

መጀመሪያ ሌላ ኦሪጅናል ቻርጀር ተውሰህ ሞክር። የዴል ክብ ቻርጀር መሀሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለው፤ ላፕቶፑ የቻርጀሩን ዋት የሚያውቀው በሷ በኩል ነው። መርፌዋ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ አስመሳይ ከሆነ ላፕቶፑ ይሠራል እንጂ ባትሪውን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ራሱ ይቀንሳል። ባዮስ ውስጥ ገብተህ «ኤሲ አዳፕተር» የሚለው ፊት «አንኖውን» (አልታወቀም) ካለ ችግሩ ከቻርጀሩ ወይም ከመሰኪያ ቀዳዳው ነው። ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ለብቻው ተነቅሎ ይቀየራል።