ሳፋሪና ዛንዚባር ያሰባችሁ፣ ትልቁን ሻንጣ አዲስ አበባ ጥላችሁት ሂዱ

ሰሞኑን ሶስት ሰው ተከታትሎ ደውሎ ስለ ታንዛኒያ ጠየቀኝ፣ ሶስቱም አገር ቤት ሊገቡ ነው፣ ሶስቱም የሚሉት "እግረ መንገዳችንን ሴሬንጌቲና ዛንዚባር ደረስ ብለን እንመለሳለን" ነው። እኔ ከሜሪላንድ ተነስቼ በዚህ መንገድ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ አንዴ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አንዴ ደግሞ ከወንድሜ ጋር፣ የመጀመሪያው ግማሹ ድካምና ጭቅጭቅ ነበር፣ እና በስልክ ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ "እግረ መንገድ" የምትለዋን ነገር እርሷት። ለሳፋሪው 4 ሌሊት ለባህሩ 3 ሌሊት ካልሰጣችሁ ባትጀምሩት ይሻላል፣ ምክንያቱም ሳፋሪው ከሚነሳበት ከአሩሻ ከተማ እስከ ንጎሮንጎሮ ጥብቅ ክልል በር አስፋልት ቢሆንም ከዛ ወዲያ ኮረኮንች ነው፣ ሴሬንጌቲ ፓርክ መሀል ያለችው ሴሮኔራ ለመድረስ ሰባት ስምንት ሰአት መኪና ውስጥ ናችሁ። በሁለት ቀን ደርሰን እንመለሳለን ያላችሁ ሰው የሚያየው አቧራ ነው።

አሁን ዋናው ስህተታችን። እኛ አገር ቤት ሳንገባ ሳፋሪውን አስቀደምን፣ "ደክሞን ሳይሆን በጉልበታችን እንየው" ብለን። ግን የዘመድ እቃ ይዘናል! በሰው ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ ጫማው፣ ቫይታሚኑ፣ የአክስቴ የደም ግፊት መለኪያ፣ ምኑ ቅጡ። ከሴሬንጌቲ ወደ ዛንዚባር የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ ብዙዎቹ የሚፈቅዱት በሰው 15 ኪሎ ነው፣ ያውም የእጅ ቦርሳን ጨምሮ፣ ያውም ሻንጣው ጎማና ጠንካራ ጀርባ የሌለው ለስላሳ ቦርሳ ሆኖ። አይሆንም አሉን፣ ትኬቱ ተቃጠለ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በመኪና ተመለስን፣ ልጆቹ አስመለሳቸው፣ ባለቤቴ እስከ ዛንዚባር አላናገረችኝም። ስለዚህ ቤተሰብ ይቅደም። እቃውን አራግፉ፣ ሰው ሳሙ፣ ሳምንት ቆዩ፣ ከዛ በትንሽ ቦርሳ ውጡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ኪሊማንጃሮም ዛንዚባርም ይበራል፣ ትኬቱን በኪሊማንጃሮ ገብታችሁ ከዛንዚባር የምትመለሱበት አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ግን ቤተሰብ ስታስቀድሙ አንድ ነገር ይመጣል፣ እሱም ቢጫ ካርድ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን አይደለም የምላችሁ (ወንድሜ እሱን ነው ይዞ የመጣው፣ እየሳቅኩ አይደለም)፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ነው። ከአሜሪካ ወይ ከአውሮፓ በቀጥታ ብትሄዱ ታንዛኒያ አትጠይቃችሁም፣ ኢትዮጵያ ግን ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች አዲስ አበባ ቆይታችሁ ከገባችሁ፣ ወይ ትራንዚታችሁ ከ12 ሰአት ካለፈ ካርዱን ይጠይቃሉ። ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከወሰዳችሁት ደግሞ ከ2016 ወዲህ ለእድሜ ልክ ነው የሚቆጠረው። እዚያው ሀኪም ዘንድ እያላችሁ የወባ መከላከያ ኪኒንም ጠይቁ። "እኔ እኮ አበሻ ነኝ ወባ ለምጄዋለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው የት አግኝቷት ነው የለመዳት? ቆላ ያደገም ቢሆን አስር አመት ውጭ ከኖረ ሰውነቱ ረስቷታል።

ቪዛው በኦንላይን ነው፣ የአሜሪካን ፓስፖርት 100 ዶላር፣ አብዛኛው አውሮፓዊ 50፣ የመንግስቱን ሳይት የሚመስሉ ደላላ ሳይቶች ስላሉ ረጋ ብላችሁ እዩ። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ብትሆንም በብዙ ነገር ራሷን የቻለች ናት፣ ከጥቅምት 2024 በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ታስገዛለች፣ 44 ዶላር፣ "እኔ ካሁን በፊት ኢንሹራንስ አለኝ" ብትሉ ሰሚ የለም። ፌስታልም ይዛችሁ አትግቡ፣ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው። እኛ ደግሞ ያለ ፌስታል ሻንጣ መሸከፍ አንችልበትም።

ወቅቱ ለኛ ይመቻል። አገር ቤት ክረምት ሆኖ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሀምሌና ነሀሴ፣ እዛ ደረቅ ነው፣ ሚሊዮን የሚያልፈው የዊልደቢስት (ከብት መሳይ የዱር እንስሳ ነው) መንጋ ሰሜን ሴሬንጌቲ የማራን ወንዝ የሚሻገረው ያኔ ነው። ለጥምቀት ለምትገቡ ደግሞ ከበአሉ በኋላ በጥር መጨረሻና በየካቲት መንጋው ደቡብ ንዱቱ አካባቢ ይወልዳል፣ ግልገሎቹ በተወለዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማሉ፣ አንበሳና አቦሸማኔውም ይሄን አውቆ እዛው ነው። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ የየካቲቱን እመርጣለሁ፣ ወንዙ ዳር ሰባ መኪና ተኮልኩሎ መጠበቅ አልወደድኩትም። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ግን ትልቁ ዝናብ ነው፣ ዋጋው ይወርዳል ባህሩም ደስ አይልም።

ስለ ብር እናውራ። አፍሪካዊ ነኝ ብላችሁ ቅናሽ እንዳትጠብቁ፣ ቅናሹ ለምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባል አገሮች ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም። እኔ በመጨረሻ ስሄድ ሴሬንጌቲ ለአንድ ሰው በቀን 70 ዶላር ሲደመር 18 ፐርሰንት ቫት፣ 82 ከ60 ሳንቲም ማለት ነው፣ ንጎሮንጎሮ 60 ሲደመር ቫት፣ በመኪና ወደ ሴሬንጌቲ የሚሄድ ሰው በሱ ክልል ስለሚያልፍ ሲሄድም ሲመለስም ይከፍላል፣ ወደ ክሬተሩ (እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጎድጓዳ ሜዳ ነው) ለመውረድ ደግሞ መኪናው ለብቻው ከነቫቱ 295። አራት ሆናችሁ ከወረዳችሁ በነፍስ ወከፍ 74 ዶላር አካባቢ ነው፣ ለሁለት ከሆነ ግን ያማል፣ ስለዚህ ሰው ሰብስቡ። ይሄን ያወቀ ሰው "በቀን 120 ዶላር ሁሉንም ያካተተ" የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ይነቃል፣ መግቢያው ብቻ 80 ምናምን ከሆነ ናፍጣው፣ ምግቡ፣ አልጋው፣ የጋይዱ ደሞዝ ከየት ሊመጣ ነው? አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ላለው ሰው ቀብድ ልኮ እስካሁን መልስ እየጠበቀ ነው። ታላ የሚባለውን የቱሪዝም ፈቃድ አሳዩኝ በሉ፣ የመግቢያ ክፍያዎቹንም ለየብቻ ዘርዝረው ይጻፉላችሁ።

ልብስ ላይ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ተዉ፣ የገንዲ ዝንብ ይወደዋል፣ ታራንጊሬ ፓርክ ዝሆን ስናይ የባለቤቴን ጂንስ ለይቶ ነው የበላት። ጃኬት ያዙ፣ የንጎሮንጎሮ አፋፍ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋቱ ከእንጦጦ ብዙም አይለይም። እዛው መንገድ ላይ የጥንት ሰው ቅሪተ አካል የተገኘበት የኦልዱቫይ ሸለቆ አለላችሁ፣ ጋይዱ ዝም ብሎ ሊያልፋችሁ ይችላል፣ አቁም በሉት። በአካባቢው ላኤቶሊ የተገኘው የ3.6 ሚሊዮን አመት የእግር ዱካ ሉሲ ከነበረችበት ዝርያ የሆኑ ፍጡራን የተዉት ነው ተብሎ ይታመናል፣ የኛዋ ድንቅነሽ ዘመዶች ማለት ነው። ልጄ ይሄን ስትሰማ "ስለዚህ እዚህም ዘመድ ጥየቃ ነው የመጣነው" አለች።

ጾም ላይ ከሆናችሁ፣ በተለይ ፍልሰታ፣ "እየጾምኩ ነው" ስትሏቸው ግራ ይገባቸዋል፣ እስከ ማታ የማትበሉ ይመስላቸዋል፣ ቪጋን በሉ፣ አለቀ። ባቄላው፣ ቻፓቲው፣ በኮኮናት የተሰራው ሩዝ ያጠግባል። ቡናውን ግን ተዉት፣ የታንዛኒያ ቡና ጥሩ ሆኖ ሳለ ብዙ ሎጅ ዱቄት በሙቅ ውሀ ነው የሚሰጠው፣ እኛ በሁለተኛው ጉዞ የተቆላ የተፈጨ ይዘን ሄድን።

ዛንዚባር ላይ ሆቴል ስትመርጡ ፎቶውን ሳይሆን ቦታውን እዩ። ምስራቁ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ባህሩ በቀን ሁለቴ ሩቅ ይሸሻል፣ ለመዋኘት ግማሽ ኪሎሜትር ልትሄዱ ትችላላችሁ፣ ንፋሱ ለካይት ሰርፊንግ ጥሩ ነው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ሰሜኑ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ውሀው ብዙም ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። አሮጌው የዛንዚባር ከተማ ስቶን ታውን ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ፣ ህዝቡ ሙስሊም ነው፣ ረመዳን ከሆነ ቀን ላይ መንገድ ላይ አትብሉ። የባሪያ ገበያ የነበረበትን ቦታ ሳታዩ አትውጡ፣ ከባድ ነው ግን እዩት።

ስትመለሱ ቅርንፉድና ሄል ከገበያው ግዙ፣ ከኤርፖርቱ አይደለም። ቦርሳዬ 15 ኪሎ ስላልሞላ እኔ ሁለት ኪሎ ቅርንፉድ ነው የያዝኩት፣ እናቴ አሽታ አሽታ "በስንት ገዛኸው?" አለችና ስነግራት መርካቶ ላይ ይሄን ያህል ስንት እንደሆነ አስልታ፣ በሚቀጥለው ስትሄድ አምስት ኪሎ ብላኛለች።