«ድራይ» የግሪክ ወይን ያወፍራል?

ጥያቄ፦ እኅቴ ከአቴንስ ስትመጣ ሦስት ጠርሙስ ወይን ይዛልኝ መጣች፤ ነጭ የሳንቶሪኒ፣ ቀይ የኔሜያና ማቭሮዳፍኒ የሚባል ጠቆር ያለ። ክብደት ለመቀነስ እንጀራ እንኳ ለክቼ ነው የምበላው። ስኳሩ የሚያንሰው የትኛው ነው? ጽሑፉ ግሪክኛ ስለሆነ አልገባኝም። (ከደሴ)

መልስ፦ ማቭሮዳፍኒውን ለእንግዳ ያስቀምጡት። የፓትራስ ማቭሮዳፍኒ ገና እየፈላ ሳለ የወይን አልኮል ይጨመርበታል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ሳይጨርስ ሥራውን ስለሚያቆም ብዙ ስኳር እዚያው ይቀራል፤ በሊትር ከ100 ግራም ሊያልፍ ይችላል። አልኮሉም ቢሆን 15 በመቶ አካባቢ ነው። ጣፋጩ የሳሞስ ሙስካትም የዚሁ ዘመድ ነው።

የሳንቶሪኒው ነጭ በአብዛኛው አሲርቲኮ ከሚባለው የወይን ዝርያ የሚሠራ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ስኳሩ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ቪንሳንቶ የሚል ከተጻፈበት ግን ይተዉት። እሱም የሳንቶሪኒ ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ ስለሚጨመቅ በጣም ጣፋጭ ነው። ኔሜያም ብዙውን ጊዜ ድራይ (ስኳሩ ከሞላ ጎደል ያለቀ፣ የማይጣፍጥ) ቢሆንም ጣፋጭ ዓይነት ስላለው፣ ከአገሩ ስም ይልቅ የሚከተሉትን አራት ቃላት ይፈልጉ። ግሪክኛ የሚያነብ ሰው፣ ወይም የስልክዎ መተርጎሚያ፣ ያገኝልዎታል። «ክሲሮስ» ድራይ ነው፤ በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር፣ አሲዱ ከፍ ካለ እስከ 9 ግራም ይፈቀድለታል። «ኢሚክሲሮስ» ብዙውን ጊዜ እስከ 12 ግራም፣ «ኢሚግሊኮስ» እስከ 45 ግራም፣ «ግሊኮስ» ደግሞ 45 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ከዲሴምበር 8 ቀን 2023 ወዲህ የተመረተ የአውሮፓ ወይን ከሆነ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ካሎሪ እንዳለው ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። የስኳሩ መጠንም እዚያው ተጽፎ ወይም በስልክ በሚነበበው ኪው አር ኮድ ውስጥ ይገኛል።

ሽታው አያታልልዎ። ሞስኮፊሌሮ የሚባለው የማንቲኒያ ነጭ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል፤ ብዙ ሰው «ይኼማ ስኳር ነው» ብሎ ይተወዋል፤ አብዛኛው ግን ድራይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ድራይ ወይን ላይ ስኳርን ማሳደድ ብዙ አያተርፍም። በአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም በ150 ሚሊ ሊትር ድራይ ወይን ውስጥ፣ በሊትር 4 ግራም ስኳር ቢኖር የሚደርስዎ 0.6 ግራም ነው፤ ከ3 ካሎሪ አያልፍም። አልኮሉ ግን በግራም 7 ካሎሪ አለው። ባለ 12 በመቶው ብርጭቆ ከአልኮሉ ብቻ ወደ 100 ካሎሪ፣ ባለ 14 በመቶው ወደ 116 ይሰጣል። ሳንቶሪኒ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ወይኑ 14 በመቶ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ማንቲኒያ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ወደ 12 ይጠጋል። ስለዚህ ሁለት ድራይ ወይን ፊትዎ ቢቀርብ የአልኮል መቶኛው ያነሰውን ይምረጡ።

አንዱ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለአምስት ብርጭቆ ይበቃል። ቤት ያለው ብርጭቆ ስንት እንደሚይዝ አንዴ በውኃ ለክተው 150ው የት ላይ እንደሚደርስ ይወቁ፤ ትልቅ ብርጭቆ ሲሞላ አንዱ ሁለት ይሆናል። «አንዴ ተከፍቷል» ብሎ መጨረስ አያስፈልግም፤ ከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጡት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ቀዩም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ድራይ ወይን ስለሚጎመዝዘኝ በኮካ ቀላቅዬ ነው የምጠጣው። ይጎዳል? ጠጅስ አይሻልም? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ 100 ሚሊ ሊትር ኮላ ወደ 10 ግራም ስኳር አለው። በአንድ ብርጭቆ ድራይ ላይ ይህን ሲጨምሩ መጠጡ በሊትር 40 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ ኢሚግሊኮሱን ቤትዎ ሠሩት ማለት ነው። በአምቦ ውኃ ይቀላቅሉት፤ ግማሽ በግማሽ ነጩን በቀዝቃዛ አምቦ ጎምዛዛነቱን ያለዝበዋል፣ ካሎሪ አይጨምርም። የሐይቅ ዓሣ ሲጠበስ (በዘይት ሳይጠልቅ) ከዚህ ጋር ጥሩ ነው። ጠጁ ከጣፈጠዎ ማሩ ገና አላለቀም፤ ስንት እንደቀረም የሚነግርዎ ጽሑፍ የለውም።

ጥያቄ፦ አባቴ ለስኳር በሽታ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳል። ድራይ ከሆነ ይጠጣ? (ከወልዲያ)

መልስ፦ ለእሳቸው የሚያሰጋው የስኳሩ መብዛት ብቻ ሳይሆን ከልክ በታች መውረዱም ነው። ጉበት አልኮሉን በማቃጠል ሲጠመድ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ያለውን ያወርደዋል። ኢንሱሊንም እንደዚሁ። ስኳሩ ከጠጡ ከሰዓታት በኋላ፣ እንቅልፍ ላይ እያሉ ሊወርድ ይችላል፤ ላቡ፣ መንቀጥቀጡና መደነጋገሩ ስካር ስለሚመስል ቤተሰብ «ይተኛበት» ብሎ ይተዋል። ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አይጠጡ፤ ከፈቀደም በባዶ ሆድ አይሁን፣ ከመተኛታቸው በፊት ስኳራቸው ይለካ።