ስለ አብዬ ሰላም አስከባሪ ጠይቁኝ

አብዬ ውስጥ ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር አገልግያለሁ። የጸጥታው ምክር ቤት ተልዕኮውን ባራዘመ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመታቱም ወራቱና ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ቆይ አብዬ የማን ናት?

አልተቆረጠም። ሱዳንም ደቡብ ሱዳንም የኔ ናት ይላሉ። በጥር 2011 ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ነበር፤ ማን ድምፅ ይስጥ በሚለው ሳይስማሙ ቀረ። ንጎክ ዲንካ የሚባሉት ሕዝቦች እዚያው ይኖራሉ። ሚሲሪያ የሚባሉት የሱዳን አርብቶ አደሮች በበጋ ከብት እየነዱ ለውሃና ለሣር ይወርዳሉ። ወንዙን እንኳ አንዱ ኪር፣ ሌላው ባሕር አል-አረብ ይለዋል። በ2013 ንጎኮች ለብቻቸው ድምፅ ሰጡ፤ እውቅና የሰጣቸው ግን የለም።

መፍትሔ ከሌለ ማራዘሙ ምን ይጠቅማል? ገንዘብ ማባከን አይሆንም?

አይደለም ወንድሜ። በ2011 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት ለአብዬ የጋራ አስተዳደርና ፖሊስ ሊቋቋም ነበር። ፖሊሱ እስካሁን የለም። ታዲያ ከብት የተዘረፈበት ሰው ወዴት ይሂድ? የሚመጣው እኛ ጋ ነበር። አሚየት ገበያን አስቡት። ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ስኳርና ሽንኩርት ዘርግቷል። አጠገቡ የዲንካ እናት ሻይ ታፈላለች። ትንሽ ራቅ ብሎ የእኛ ብረት ለበስ ቆሟል። ያንን መኪና አንሱት፤ በማግስቱ ያ ነጋዴ የሚመጣ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም።

ማራዘሙን የሚወስነው ማነው?

ከ15ቱ የምክር ቤቱ አባላት 9ኙ መደገፍ አለባቸው፤ ከአምስቱ ቋሚዎችም አንዱም ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቱን (ቬቶ) መጠቀም የለበትም።

የኛ ልጆች ለምን ወጡ?

ይሄ ያመኛል። በ2011 ሁለቱም ወገን ሰላም አስከባሪው ከኢትዮጵያ እንዲመጣ ተስማምተው ነበር። ሰኔ 27 ቀን በውሳኔ 1990 እስከ 4,200 ወታደር ተፈቀደ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእኛ ነበር። በኋላ በአል ፋሽጋ የድንበር መሬትና በሕዳሴው ግድብ ከሱዳን ጋር ሆድና ጀርባ ሆንን። ካርቱም ይውጡልኝ አለች። የእኛ ጦር በ2022 ቦታውን እንደ ጋናና ባንግላዲሽ ላሉ አገሮች አስረከበ።

የሞተብን ሰው አለ?

አለ። በግንቦት 2013 የንጎክ ዲንካው ታላቅ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በተልዕኮው አጀብ ሲጓዙ በሚሲሪያ ታጣቂ ተገደሉ። ሲጠብቃቸው የነበረ ኢትዮጵያዊ ወታደርም አብሯቸው ወደቀ።