የፈረሷ ወረቀት በማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ ዳላስ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የ14 ዓመቷ ልጄ ፈረስ ግልቢያ መማር ከጀመረች 3 ዓመት ሆናት። አሁን የራሷ ፈረስ እንዲኖራት ብለን አንዲት የ8 ዓመት ኳርተር ሆርስ ባዝራ አግኝተናል። ማስታወቂያው «የተመዘገበች» ይላል። ዋጋዋ 7,500 ዶላር ነው። 2,000 ዶላር ቀብድ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ልኬያለሁ። ሻጩ ወረቀቱ የቀድሞ ሚስቱ ጋ ስለሆነ ቆይቶ በፖስታ እንደሚልክልኝ ነግሮኛል። ጥሩ ሰው ይመስላል። ቅዳሜ ቀሪውን ከፍዬ ፈረሷን ከምታድርበት የሰው ጋጣ ላወጣት ነው። የምዝገባ ወረቀት በሕግ ግዴታ ነው ወይስ ያለ እሱም መግዛት ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝ ነገር መልሱ አጭር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ያለ ምዝገባ ወረቀት ፈረስ መግዛት ይቻላል። ሕጉ አይከለክልም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን በመሃል ጣል አድርገዋት ያለፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ወረቀቱ የቀድሞ ሚስቱ ጋ ነው» ብለዋል። ወደዚህች ዓረፍተ ነገር እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ግን ልጅዎ ፈረስ መውደዷ ደስ እንዳለኝ ልንገርዎ። በእኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። ዳላስ ያደገች ልጅ ልጓም ጨብጣ ስትጋልብ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ግዢው እንዲበላሽ አልፈልግም። እንዲስተካከል ነው የምፈልገው።

ደረቁን ሕግ ቶሎ ልጨርሰው። ፈረስ እንደ መኪና አይደለም። መኪና መንግሥት የሚሰጠው የባለቤትነት ወረቀት አለው፤ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው ዓይነት። ፈረስ ሊብሬ የለውም። የምዝገባ ወረቀቱን የሚሰጠው የዝርያው ማኅበር ነው። የእርስዎን ባዝራ የሚመለከተው በ1940 የተቋቋመው፣ መቀመጫውም እዚሁ ቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ የሆነው የአሜሪካ ኳርተር ሆርስ ማኅበር ነው። ወረቀቱ ላይ የፈረሷ ስምና ቁጥር፣ የተወለደችበት ቀን፣ እናትና አባቷ፣ መልኳና ምልክቷ፣ የባለቤቷም ስም ይሰፍራል። ለልደት ካርድ ይቀርባል ቢባል ይሻላል። ፍርድ ቤት እንደ አንድ ማስረጃ ያየዋል እንጂ በእሱ ብቻ አይወስንም። ባለቤትነት የሚያልፈው በሽያጩ ውልና በርክክቡ ነው። ሻጩም «የኔ ናት፣ የመሸጥ መብት አለኝ» ብሎ ባይናገር እንኳ ሕጉ እንደተናገረ ይቆጥረዋል። ዋጋው 500 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። በቃል የተደረገ ውል አንዳንዴ ይጸናል፤ ግን በአንዳንዴ ላይ 7,500 ዶላር አይጥሉም።

ታዲያ ወረቀቱ ምን ያደርጋል? እንደ ፈረሱ ይለያያል። የተኮላሸ ወንድ ፈረስ ገዝተው ቅዳሜና እሁድ በጫካ መንገድ ብቻ የሚጋልቡት ከሆነ ወረቀት ባይኖረውም ብዙ አይጎዱም። ወረቀት የሌለው ፈረስ መጥፎ ፈረስ ነው ማለት አይደለም። ዋጋውን ብቻ ወረቀት እንደሌለው ፈረስ ይክፈሉ። የእርስዎ ግን ባዝራ ናት። ነገ ትወልድ ይሆናል። ማኅበሩ ውርንጭላዋን ለመመዝገብ የሚጠይቀው፣ በወለደችበት ጊዜ በመዝገቡ ላይ የእናቲቱ ባለቤት የሆነውን ሰው ፊርማ ነው። ያ ሰው እርስዎ ካልሆኑ የውርንጭላዋን ወረቀት የሚያገኙት ሌላ ሰው ለምነው ነው። በነገራችን ላይ አርግዛ እንደሆነ ጠይቀዋል? ካረገዘች የድንጉላው ባለቤት የሚሰጠው የማዳቀል ማረጋገጫም ያስፈልግዎታል። ልጅዎም በማኅበሩ ውድድሮች መሳተፍ ካሰበች ምዝገባው የግድ ነው። የሚከፍሉት 7,500 ዶላርም «የተመዘገበች» የሚለው ቃል ያለበት ዋጋ ነው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ አንድ ነው። «ወረቀቱ ይደርሳል» የሚባለው። ፈረሱ ዛሬ ይመጣል፣ ገንዘቡ ዛሬ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ግን «በሚቀጥለው ሳምንት»። ሳምንቱ ወር ይሆናል። ከዚያ ሻጩ ስልክ ማንሳት ይተዋል። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው በስድስተኛው ወር ነው፣ በእጁ ከዜል ደረሰኝና ከጥቂት ቴክስት በቀር ምንም ሳይኖረው። ያን ጊዜ መብት የለዎትም አልልም። ግን መብትን በክስ ማስከበርና ገንዘቡ ኪስዎ ሳለ መደራደር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሙሉውን የከፈለ ሰው የመደራደሪያ ጉልበቱን አብሮ ከፍሏል።

ሰው የሚሳሳተው ወረቀቱን እንደ ዕቃ ስለሚያስበው ነው። አንድ ቦታ የተቀመጠ፣ በፖስታ የሚላክ ነገር ይመስለዋል። ወረቀቱ ራሱ ቢጠፋ መፍትሔ አለው። በመዝገቡ ላይ ያለው ባለቤት ምትክ ማውጣት ይችላል። ዋናው ፊርማው ነው። ማኅበሩ ፈረሷን ወደ እርስዎ ስም የሚያዛውረው በመዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ሰው የዝውውሩን ቅጽ ሲፈርም ነው። ለእርስዎ የሸጠው ሰው ከዚያ ስም ጋር ካልተገናኘ ፊርማው ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ ፈረስ ሦስት አራት እጅ ያልፋል፣ ማንም በስሙ ሳያዞር። የመጀመሪያው ባለቤት ኦክላሆማ ይሆናል፣ ምናልባትም አርፏል። እያንዳንዱ ሽያጭ በቅደም ተከተል መመዝገብ አለበት። አንዱ ቀለበት ከጠፋ ሰንሰለቱ ይቆማል።

አገር ቤት ገበያ ላይ የማያውቁት ሰው ከብት ሲሸጥልዎ «ዋስ ጥራ» ይሉታል። ከብቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ እንዲኖር ነው። እዚህ አገር ዋሱ ያ ፊርማ ነው ብለው ያስቡ። ዋስ ሳይጠሩ ገንዘብ አይቆጥሩም ነበር። ዳላስ ሲደርሱ ለምን ይተዉታል?

ያልነገሩኝ ነገር ደግሞ አለ፤ ምናልባት እርስዎም አልጠየቁት ይሆናል። ሴትየዋ «የቀድሞ» የሆነችው በፍርድ ነው ወይስ ተለያይተው ነው የሚኖሩት? ፍቺው ገና በፍርድ ቤት ነው? ይህን መጠየቅ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። የሰው ትዳር ውስጥ መግባት ይመስላል። ግን ገንዘብዎ እዚያ ትዳር ውስጥ ገብቷል።

ለምን እንደምጨነቅ ላስረዳዎ። ቴክሳስ በትዳር ጊዜ የተገኘን ንብረት፣ ማንም ይግዛው ማን፣ የጋራ ነው ብሎ የሚገምት ስቴት ነው። የቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 3.104 ደግሞ ማን ብቻውን ሊሸጥ እንደሚችል የሚታይበትን መንገድ ያስቀምጣል። ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ፣ ያ ሰው ብቻውን ያዝበታል ተብሎ ይገመታል። ማስረጃው ከሌለ፣ በእጁ የያዘው ሰው። ከዚያ ሰው የገዛን ገዢ ሕጉ ይጠብቀዋል፤ በማጭበርበሩ እጁ ከሌለበትና ሻጩ ሥልጣን እንደሌለው ካላወቀ፣ ማወቅም ካልነበረበት። አሁን ይህን ወደ እርስዎ ጉዳይ ያምጡት። ወረቀቱ በሚስትየው ስም ከሆነ ግምቱ ወደ እሷ ያደላል። እርስዎም ወረቀቱ እሷ ጋ እንዳለ አስቀድመው ሰምተዋል፤ ምናልባትም በቴክስት። ነገ «አላወቅሁም» ለማለት በጣም ይከብድዎታል።

ፍቺው ክፍት ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ዳላስ ካውንቲን ጨምሮ በአካባቢው ባሉ ካውንቲዎች የፍቺ መዝገብ ሲከፈት ተጋቢዎቹ ንብረት እንዳይሸጡ የሚያግድ ቋሚ ትእዛዝ አለ። ሻጩ ይህን ትእዛዝ ጥሶ እየሸጠልዎ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ፈረሷን ለምዳት፣ ስም አውጥታላት፣ ከሁለት ወር በኋላ የጠበቃ ደብዳቤ ቢመጣስ? ሰውየው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርም። ጥሩ ሰውም ፍቺ ላይ ሲሆን የእሱ ያልሆነውን የእሱ ነው ብሎ ያምናል።

ስለዚህ ቅዳሜ ከመሄድዎ በፊት እንዲህ ያድርጉ። ከሻጩ የፈረሷን የተመዘገበ ስምና ቁጥር ይጠይቁ፤ ከተቻለ የወረቀቱን ሁለት ገጽ ፎቶ። ከዚያ አማሪሎ ማኅበሩ ጋ ደውለው በመዝገቡ ላይ ያለው ባለቤት ማን እንደሆነ ያጣሩ። በባልና ሚስቱ ስም ከሆነች የሁለቱም ፊርማ ሊያስፈልግ ይችላል። ፍቺው አልቋል ካለ የፍርዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ ፈረሷ ለማን እንደደረሰች የሚለውን ገጽ። የፍቺ መዝገቡን ራስዎ ከካውንቲው ዲስትሪክት ክለርክ (ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ማየት ይችላሉ። የፈረሷ ባለቤት የቀድሞ ሚስቱ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ቀላል ሊሆን ይችላል። ራሷ ትፈርም። ሁለቱም የሽያጭ ሰነዱ ላይ ቢፈርሙ በጣም ጥሩ ነው።

የኮጊንስ ወረቀቱንም ይጠይቁ። ይህ ለፈረስ ተላላፊ የደም ማነስ በሽታ የሚደረግ የደም ምርመራ ውጤት ነው። ሰው ለጤናዋ ብቻ ያየዋል። እኔ የማየው የባለቤት ስም የሚለውን መስመር ነው። የሌላ ሰው ስም ካለበት ጠይቁ። የፈረሷ ምልክቶችም ስለሚሰፍሩበት ከምዝገባ ወረቀቱ ጋር ያስተያዩት። ወረቀቱ ግንባሯ ቦራ ነው እያለ ከፊትዎ የቆመችው ነጭ ነጥብ የሌላት ዳማ ከሆነች፣ ወረቀቱ የሌላ ፈረስ ነው።

ጋጣውንም አይርሱ። በቴክሳስ ሕግ የጋጣ ባለቤት ያልተከፈለ የማሳደሪያ ሒሳብ ካለው እንስሳው ላይ የመያዣ መብት አለው። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚቆመው የወር ክፍያ ነው። ሒሳቡ መዘጋቱን ከጋጣው ባለቤት በጽሑፍ ይያዙ። ፈረሷ ለብድር መያዣ ተደርጋ እንደሆነም በስቴቱ ጸሐፊ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ማጣራት ይቻላል። ጤናዋን ደግሞ እርስዎ የመረጡት የእንስሳት ሐኪም ይያት፤ የሻጩ ሐኪም አይሁን።

ሰነድ ማሰባሰብ ዛሬ ማታ ይጀምሩ። ማስታወቂያው ሳይጠፋ ፎቶ ያንሱት። «የተመዘገበች» የሚለው ቃል ሻጩ የገባው ቃል ነው፤ ነገ መከራከሪያዎ እሱ ነው። ቴክስቶቹን፣ የዜሉን ደረሰኝ፣ የደወሉበትን ቀን ሁሉ ያስቀምጡ። በሚፈርሙት የሽያጭ ሰነድ ላይ «ባለችበት ሁኔታ» የሚል ቃል (ሻጩ ለጉድለቷ አልጠየቅም እንደማለት ነው) ካለ ሳይፈርሙ ለጠበቃ ያሳዩት።

ቀሪው 5,500 ዶላርስ? ዝውውሩ ተፈርሞ ወረቀቱ እጅዎ ሳይገባ ሁሉንም አይክፈሉ። ፈረሷን አሁኑኑ መውሰድ ካለብዎት የተወሰነው ገንዘብ በጠበቃ የአደራ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ወረቀቱ በዚህ ቀን ካልመጣ ሽያጩ ፈርሶ ገንዘቤ ይመለሳል የሚል ቃልም በጽሑፍ ይግባ። ሻጩ «ያለ ወረቀት ከሆነ 1,000 ልቀንስልህ» ካለዎት ደስ አይበልዎት። መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በ1,000 ዶላር አይዘጋም።

አሻፈረኝ ብሎ ቀብዱንም ካልመለሰ መንገድ አለ። እስከ 20,000 ዶላር ያለ ክርክር በጀስቲስ ኮርት (አነስተኛ ክርክሮችን በሚያየው ፍርድ ቤት) ይታያል። የሸማቾች ጥበቃ ሕጉም ሊረዳዎ ይችላል። እሱ ግን ካሳ ከመጠየቅዎ 60 ቀን አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል፣ የ2 ዓመት ገደብም አለው። ደብዳቤውን ራስዎ አይጻፉት።

ይህ በላኩልኝ ጥቂት መስመሮች ላይ የተመሠረተ አጠቃላይ ማብራሪያ ነው። ሰነዶቹን አላየሁም፤ አንድ ገጽ መልሱን ሊለውጠው ይችላል። በቴክሳስ ፈቃድ ያለው፣ ቢቻል የፈረስ ሽያጭ የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። የአንድ ሰዓት ምክር ክፍያ ከቀብዱ ያንሳል። ለሻጩ ግን ዛሬውኑ አንድ ቴክስት ይላኩለት፦ «መዝገቡ ላይ ያለው ስም የማን ነው? ቅዳሜ መጥቶ ይፈርማል?» መልሱን አይሰርዙት።